ግድግዳና ጣሪያ የማይነካኩበት ትምህርት ቤት

የጋንዶን ትምህርት ቤት በፎቶ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀዩ ግድግዳ ላይ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ከግድግዳው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ አልተጫነም፤ በቀጫጭን ብረቶች ተደግፎ ከፍ ብሎ ቆሟል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍበት፣ ማዶው ሰማይ የሚታይበት ክፍተት አለ።

በቆርቆሮ ሥር የተማረ ሁሉ የዚህ ክፍተት ትርጉም ሳይነገረው ይገባዋል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲል ሙቀቱ አናት ላይ ይወርዳል፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይደፋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የመምህሩ ድምፅ ይዋጥና ክፍሉ በሙሉ እስኪያባራ ይጠብቃል። በእኛም አገር ከቆላ እስከ ደጋ ስንት ትውልድ እንዲህ ተምሯል። ጋንዶ ላይ ቆርቆሮው አልተናቀም፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዝናብ ይመልሳል። ጥፋቱ የሚመጣው ልክ ከራስ በላይ ሲቀመጥ ነውና ከዚያ አንሥተው አራቁት። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ከሥሩ ያለው አየር ይሞቃል፤ የሞቀው አየር በክፍተቱ በኩል ሲወጣ በመስኮቶቹ ቀዝቀዝ ያለውን አየር ይስባል። ሌላ ቦታ ተማሪውን የሚያደክመው ሙቀት እዚህ ነፋስ አመላላሽ ሆኗል። መብራት የለም፣ ሞተር የለም፣ የሚበላሽ ዕቃ የለም።

ጋንዶ በምዕራብ አፍሪቃ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ ከዋና ከተማዋ ከዋጋዱጉ በስተደቡብ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ1965 የተወለዱት እዚያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የመንደሩ አለቃ ነበሩ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ልጃቸውን በሰባት ዓመቱ ከቤት አስወጥተው ቴንኮዶጎ ወደተባለችው ከተማ ሰደዱት። ልጁ እዚያ የገባበት ክፍል በብሎኬት የተሠራ፣ የታፈነ፣ ጨለም ያለና ተማሪ የታጨቀበት ነበር። ኬሬ ወደ ሙያቸው የመራቸውን ነገር ሲናገሩ ወደዚያ ክፍል ሙቀት መመለሳቸው አይቀርም።

በ1985 የእንጨት ሥራ ሊማሩ በነፃ የትምህርት ዕድል ጀርመን ሄዱ። ይህን ነጥብ ማለፍ አልፈልግም፤ ንድፍ አውጪው ሰው እርሳስ ከመያዛቸው በፊት መጋዝ ይዘዋል። እንጨት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ ማጋጠሚያ የት ቢሆን እንደሚጸና በእጃቸው ያወቁት ቀድመው ነው። ከዚያ በኋላ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1998፣ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋሙ። አብረዋቸው የሚማሩትን ከቡናቸውና ከሲጋራቸው ቀንሰው እንዲያዋጡ ጠየቁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 50,000 ዶላር ያህል እንደተገኘ ራሳቸው ተናግረዋል።

ገንዘቡ ሲገኝ የመንደሩ ሰው ደስ አለው። ትምህርት ቤቱ በአፈር እንደሚሠራ ሲሰማ ግን ደስታው ቀዘቀዘ፤ መቀዝቀዙም አይፈረድበትም። የጋንዶ ሰው አፈርን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ክረምቱ አጭር ቢሆንም ዝናቡ ኃይለኛ ነው፤ የጭቃ ቤት በየዓመቱ ይሸረሸራል፣ በየዓመቱ ይጠገናል። አውሮፓ የተማረ ልጃቸው ይዞ የሚመጣው ሲሚንቶና መስታወት እንጂ እነሱ በየበጋው የሚለጥፉት ጭቃ ይሆናል ብለው አልጠበቁም። ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ሥራው ማሳመን ነበር፤ የሚያሳምነውም ሥራው ራሱ ብቻ ነበር።

ጡቡን ጠጋ ብለን እንየው። አፈሩ ከአካባቢው የተቆፈረ ነው። ጥቂት ሲሚንቶ ይቀላቀልበትና በመጭመቂያ ይጨመቃል እንጂ በእሳት አይተኮስም። ይህ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ግን ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። ሸክላነቱ የበዛ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋው የበዛ ይፈረፈራል። ውኃው ካነሰ አይያያዝም፤ ከበዛ ከመጭመቂያው ሲወጣ ቅርጹን አይጠብቅም። ጡብ የሚያወጡ ሠራተኞች ልኩን የሚፈትኑበት የታወቀ ዘዴ አላቸው። እፍኝ ሙሉ አፈር ጨብጠው ያድበለብሉና ከትከሻ ከፍታ መሬት ላይ ይጥሉታል። ዱቄት ሆኖ ከተበተነ ደርቋል፤ ሳይከፈል ተጨፍልቆ ከቀረ ውኃ በዝቶበታል፤ ጥቂት ቦታ ከተከፈለ ልኩ ነው። የአንድ ሙሉ ሕንፃ ጥንካሬ በዚህች የእጅ ፍርድ ላይ ይቆማል። ያውም ፍርዷ በቀን አንድ ጊዜ ተሰጥታ አታበቃም፤ ፀሐይ በጠነከረ ቁጥር፣ አዲስ ክምር በተነካ ቁጥር ትደገማለች።

ከእኛ የጭቃ ቤት ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ ነው፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ እላዩ ይመረጋል፤ ይሸፍናል፣ ያሞቃል፣ አይሸከምም። ምስጥ ቋሚውን ሲበላው ምርጉ አብሮ ይወድቃል። የጋንዶ ግድግዳ ግን ራሱ ተሸካሚ ነው። በውስጡ የተደበቀ እንጨት የለም። አፈሩ ራሱ ቆሞ በላዩ የሚያርፈውን ይሸከማል፤ ስለዚህም የጡቡ ጠርዝ ስለታም መሆኑ፣ መደዳው በውኃ ልክ መጠበቁ፣ ማዕዘኑ በቱምቢ መውረዱ ለጌጥ አይደለም። አንዱ መደዳ ቢዛባ ከላይ ያለው ሁሉ ይዛባል። ያ ግድግዳ ካማረ ያማረው ትክክል ስለሆነ ነው፤ ቀለም አልተቀባም፣ ምንም አልተሸፈነም።

የመጀመሪያው ሕንፃ በ2001 ሲያልቅ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፤ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ በመካከላቸው ጥላ ያለው ክፍት ቦታ የተተወ። በክፍሎቹ ስፋት ላይ የአርማታ ወራጆች ተጋድመዋል፤ በወራጆቹ ላይ ብረት ተዘርግቷል፤ በብረቱ ላይ ደግሞ ያው የአፈር ጡብ ኮርኒስ ሆኖ ተደርድሯል። እኛ ኮርኒስ ስንል አቡጀዲ ወይም ችፑድ ይታየናል። እዚህ ግን ኮርኒሱ እንደ ግድግዳው ከባድ ነው፤ ቀን የመጣውን ሙቀት ይዞ ያቆያል፣ ቶሎ ወደ ተማሪው አያሳልፍም። አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችም ተትተውለታል። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ እንደ ፀሐዩና እንደ አቧራው የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት ክንፎች አሏቸው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ቆርቆሮውን ወደ ላይ የያዘውን የብረት ሥራ ነው። ትልልቅ የፋብሪካ ብረት እስከዚያች መንደር የሚያደርስ መኪና፣ ደርሶም ቢሆን ወደ ላይ የሚያነሣ ክሬን አልነበረም። ኬሬ የመረጡት ፌሮን ነው፤ ማንኛውም ሕንፃ ሠሪ የሚያውቀውን፣ አርማታ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረውን ተራ ብረት። ቀጭን ፌሮ ለብቻው ሲቆም ይጎብጣል፤ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ሲበየድ ግን ጠንክሮ ሰፊ ጣሪያ ይሸከማል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ መጋዝና ትንሽ የብየዳ መሣሪያ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ወጣቶች ሁለቱንም እዚያው ተማሩ። ሌላ ቦታ ከሲሚንቶ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ብረት ጋንዶ ላይ በፀሐይ ብርሃን ወጥቶ እያንዳንዱ ብየዳው ይታያል። መጥፎ ብየዳ የሚሸሸግበት ቦታ የለም። እንዲህ ያለውን ሥራ ሊሠራ የሚደፍር በባለሙያው እጅ የሚተማመን ሰው ነው፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በፊት ብየዳ ነክተው የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ።

ቆርቆሮው ከግድግዳው ዳር አልፎ ርቆ ወጥቷል። አፈርን የሚያፈርሰው ውኃ ነው፤ ክንፉ ሰፊ ከሆነ ዶፉ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርዳል። ያው ክንፍ በበጋ ጥላ ይሆናል። አንድ ሉህ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመልስ፣ ጥላ ሲጥል፣ አየር ሲስብ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። የተጨመረበት ወጪ ከግድግዳው ማለፉና ከፍ ማለቱ ብቻ ነው።

መንደሩ በሙሉ ሠርቷል። ልጆች ለመሠረቱ ድንጋይ ሰብስበዋል፤ ሴቶች ለጡቡ የሚያስፈልገውን ውኃ ተሸክመው አምጥተዋል። ወለሉን የመቱትም ሴቶች ናቸው። ይህ የአካባቢው ነባር ሙያ ነው፤ እርጥቡን አፈር ዘርግተው፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ በእንጨት መምቻ በዘፈን እኩል እየመቱ ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ወለሉ ጠብቆ እስኪለሰልስ ድረስ። ማንም መሐንዲስ ይህን ሊያስተምራቸው አይችልም። እኔ እንደማየው የንድፉ ብልህነት አዲሱን ዘዴ ከማምጣቱ እኩል፣ ያለውን ሙያ አለመንካቱም ነው። ጡቡ አዲስ ነበር፣ ብየዳው አዲስ ነበር፤ ወለሉ ግን የእናቶች ሆኖ ቀረ።

በ2004 ይህ የሦስት ክፍል ትምህርት ቤት የአጋ ካንን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የመምህራን ቤቶች ተሠሩ። መምህር ወደ ሩቅ ገጠር ሲመደብ የሚያርፍበት ቤት ከሌለው እንደማይቆይ እኛም እናውቃለን። ተማሪው ግን እየበዛ ሄደ፣ ሦስቱ ክፍል አልበቃ አለ። በ2008 ያለቀው ማስፋፊያ በኮርኒሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ከጡብ የተገነባ ቅስት ሆነ፤ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሸፍን። በቅስቱ ውስጥ በጡቦቹ መካከል ክፍተት ተትቷል፤ የሞቀው አየር በዚያ ወጥቶ በቆርቆሮው ሥር ይሄዳል።

ቅስት ሲገነባ እያንዳንዱ ጡብ ጎረቤቱን እየገፋ ይይዘዋል፤ አንዱ ያለቦታው ቢሆን ሌላው ይላላል። ያ ሁሉ ተጠብቆ፣ በዚያ ላይ ቀዳዳ መተው፣ ቀዳዳውንም ለዓይን በሚያምር መደዳ ማሳለፍ የተፈተነ የግንበኛ እጅ ይጠይቃል። ሰዉ ከአፈር የተሠራ ቅስት ይቆማል ብሎ ስላላመነ ለሙከራ የተሠራው ላይ ሰዎች ወጥተው ቆሙበት። አልወደቀም።

ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት የታሰበው ኮርኒስ ደግሞ ሌላ ነው። ሕንፃው ሞላላ ነው፤ ሁለቱን የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ያያይዛል። የመንደሩ ሴቶች በእጃቸው የሠሯቸው የሸክላ ማሰሮዎች ተሰበሰቡ፤ አፋቸውና መቀመጫቸው በመጋዝ ተቆረጠና ክብ ቀለበት ሆኑ፤ ቀለበቶቹ ተደርድረው በመካከላቸው ኮንክሪት ፈሰሰ። የተረፈው ክብ ቀዳዳ ሁሉ ከላይ ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀት ያስወጣል። ማሰሮ ሠሪዋ ሁለት ዕቃ ልክ አንድ ዓይነት አድርጋ አትሠራም፤ ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ አንዱ ክብ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ይላል። ቀዳዳዎቹ በፋብሪካ ቧንቧ ወጥተው ቢሆን ሥራቸውን ይሠሩ ነበር፤ ያን ውበት ግን አይኖራቸውም ብዬ አምናለሁ። አንባቢው ቀና ሲል የሚያየው የእናቱን ወይም የጎረቤቱን እጅ ነው።

የጋንዶ ልጆች አንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የመሻገሩ ጥያቄ መጣ። ናባ ቤለም ጉማ የተባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግንባታ በ2011 ገደማ ሲጀመር አሠራሩ እንደገና ተለወጠ። ጡብ አንድ በአንድ መጭመቅ፣ ማድረቅና መደርደር ጊዜ ይፈጃል። እዚህ አፈር፣ ጠጠርና ጥቂት ሲሚንቶ በአንድነት ተቦክቶ እንደ አርማታ ፎርምወርክ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሲይዝ ሣንቃው ይነሣና ለቀጣዩ ግድግዳ ይዛወራል። በጡብ ብዙ ቀን የሚወስደው ግድግዳ በትልልቅ ቁራጭ ይቆማል። እዚህ ላይ ጥበቡ ከጡብ ደርዳሪው ወደ ሣንቃ ገጣሚው ተሻግሯል። ሣንቃው ቀጥ ካላለ ግድግዳው ቀጥ አይልም፤ ክፍተት ካለው ድብልቁ ያፈስሳል። ኬሬ አናጢ መሆናቸው እዚህ ጋ ደግሞ ይታየኛል።

የአየሩም መንገድ ተራቀቀ። በንድፉ መሠረት አየር ክፍል ከመግባቱ በፊት ከመሬት በታች በተቀበሩ ቱቦዎች ያልፋል፤ ጥልቁ አፈር ከላይኛው ስለሚቀዘቅዝ አየሩም ቀዝቅዞ ይወጣል። ለተተከሉት ዛፎች የሚፈስሰው ውኃ አፈሩን ያረጥባል፣ እርጥበቱም ቅዝቃዜውን ያግዛል። በ2012 ይህ ንድፍ ከዓለም አቀፉ የሆልሲም ሽልማት ወርቁን አገኘ። ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው አፍሪቃዊ ሆኑ። ሽልማቶቹን የጠቀስኩት መጠቀስ ስላለባቸው ነው፤ ከእነሱ ይልቅ የሚያስደስተኝ በጋንዶ ሙያ የለመዱት ሰዎች ያንን ይዘው በሌሎች ግንባታዎች ላይ ሥራ ማግኘታቸው ነው።

ጋንዶ ላይ የተጀመረው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ረጋ ብሎ የሚታይበት ሌላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በዚያው በቡርኪና ፋሶ፣ በኩዱጉ ከተማ በ2016 ያለቀው የኬሬ ሥራ፣ ሊሴ ሾርጅ። በግቢው መሐል ያለውን ሜዳ ዘጠኝ ሕንፃዎች ዙሪያውን ከብበውታል፤ ክፍሎችና የአስተዳደር ቢሮዎች ናቸው፣ በአንዱም ለተማሪዎች የጥርስ ሕክምና የሚሰጥባቸው ክፍሎች አሉ። ሕንፃዎቹ መሐሉን ከነፋስና ከአቧራ ይከልሉታል።

ግድግዳው ከአካባቢው የወጣ ላተራይት የተባለ ቀይ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል፣ አየር ሲነካው ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ጠራቢው ሊፈጥን ይገባዋል ማለት ነው፤ ልኩን ገና ለስላሳ ሳለ ማውጣት አለበት። ገጹ ቀዳዳማና ሻካራ ነው፣ ጠርዙ ግን ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ሻካራው ገጽ ከጠዋትና ከማታ ፀሐይ ጋር ጥላ ይይዛል። ሙቀቱንም ቀን ይዞ ሌሊት ይለቃል። ከክፍሎቹ በላይ የነፋስ ማማዎች ከጣሪያው አልፈው ብቅ ብለዋል፤ የሞቀው አየር በእነሱ ይወጣል። የክፍሎቹ ኮርኒስ ነጣ ያለ ነው፣ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ተበሳስቷል። ብርሃን በቀጥታ ሳይወርድ እየተንፀባረቀ ስለሚገባ ጥቁር ሰሌዳው አያብረቀርቅም። በእኔ ዓይን ከመላው ግቢ የላቀው ሥራ ይህ ኮርኒስ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ግን አብዝተው የሚያነሡት ከውጭ ያለውን የባሕር ዛፍ መጋረጃ ነው።

መጋረጃውም ቢሆን ሊታይ ይገባዋል። ባሕር ዛፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አተረፋት፤ ከዚያ ወዲህ አጥራችን፣ ማገራችን፣ መወጣጫችን ሆኖ ኖሯል። አፈር ያደርቃል የሚለው ወቀሳም በእኛም በእነሱም ዘንድ አለ። ኩዱጉ ላይ ቀጫጭኑ የባሕር ዛፍ ግንድ ቀጥ ቀጥ ብሎ፣ ጎን ለጎን ቆሞ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ራቅ ብሎ ሕንፃውን ይዞራል። በግንዱና በግንዱ መካከል ነፋስ ያልፋል፣ ብርሃን ይወነፋል። በመጋረጃውና በግድግዳው መካከል ያለው ጥላ ተማሪ ክፍለ ጊዜ የሚጠብቅበት፣ ጓደኛ ከጓደኛ የሚያጠናበት ቦታ ሆኗል። ግንዶቹ ሕንፃውን አይሸከሙም፤ ስለዚህ አንዱ ቢበሰብስ ወይም ቢሰበር እሱን ብቻ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል።

ክፍል ውስጥ ዴስኮቹ ከአካባቢው ጠንካራ እንጨት ተሠርተዋል። ብረታቸው ከጣሪያው ሥራ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው፤ ከላይ ቆርቆሮውን የተሸከመው ብረት ከታች የተማሪውን ደብተር ይሸከማል።